ስለ ሲረስ ደመና የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መስከረም አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው አገር ቀና ብሎ ያየ ሰው ባዘቶ የመሰሉ ነጫጭ ደመናዎች ያጋጥሙታል። ከተለመዱት ደመናዎች ሁሉ በላይ ያሉት፣ ከሁሉም የሳሱት እነሱ ናቸው። ሲረስ ይባላሉ፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1802 ያወጣላቸው ሉክ ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ገበሬ ዓይኑን የሚጥለው በጥቁሩ ደመና ላይ ስለሆነ ሲረስን ብዙ ሰው ቁብ አይሰጠውም። ስለ እነሱ የሚነገረው ስሕተት ሳይታረም የቆየውም በዚህ ይመስለኛል።

«ጮቄ ላይ የሚተኛው ደመና ከሁሉ ከፍተኛው ነው»

የጎጃሙ የጮቄ ተራራ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ክረምት ላይ እዚያ የወጣ ሰው ደመናው ውስጥ ገብቶ ልብሱ ይረጥባል፤ ያ ግን የውኃ ጠብታ ነው። እንደ እኛ ባለው ሞቃታማ የምድር ክፍል ሲረስ ከ10 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የደመና ጠብታ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም፤ ሲረስ ባለበት ከፍታ ደግሞ ቅዝቃዜው ብዙውን ጊዜ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ሲረስ የበረዶ ቅንጣት ብቻ ነው።

«ጨረቃ ክብ ከሠራች ዝናብ ቀርቧል»

ክቡ የሚፈጠረው ብርሃን የሲረስን ባለ ስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣቶች ሲያልፍ በ22 ዲግሪ ገደማ ስለሚታጠፍ ነው። የዝናብ ምልክትነቱ በአውሮፓ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ እዚያ ሞቃት አየር ቀዝቃዛውን እየገፋ ሲመጣ ሲረስ ከዝናቡ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ይደርሳል። የጎጃም ክረምት ግን በዚህ መንገድ አይሠራም። እኛ ዘንድ ጠዋት መሬቱ ይሞቃል፣ እርጥቡ አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ይጀምራል። የነጎድጓዱ ደመና አናት ከዚያ በላይ መውጣት ሲያቅተው ወደ ጎን ይሰፋል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ሳስቶ ሲረስ ሆኖ ይቀራል። በክረምት ወራት በዚያ ከፍታ ብርቱ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል፤ ከራሳችን በላይ የምናየው ሲረስ ከእኛ ምሥራቅ የዘነበ ደመና ቅሪት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእኛ የክረምት ሲረስ ስለሚመጣው ዝናብ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ስላለፈው ነው የሚናገረው።

ጭራ መስሎ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ደግሞ እየወደቀ ያለ በረዶ ነው፤ መሬት ሳይደርስ በደረቁ አየር ውስጥ ይተናል። እህል የሚያወድመው በረዶ ከዚህ አይመጣም፤ የነጎድጓድ ደመና ሥራ ነው።

«ደመና ሁሉ ምድርን ያቀዘቅዛል፤ የሳሳው ደግሞ ምንም አያደርግም»

ትልቁ ስሕተት ይኼ ነው። ደመናዎች ተደምረው ሲታዩ እውነትም ያቀዘቅዛሉ፤ በዓለም አማካይ በካሬ ሜትር 20 ዋት ገደማ። ሳሳ ያለው ሲረስ ግን በተቃራኒው ይሠራል። የፀሐይን ብርሃን አብዛኛውን ያሳልፋል፤ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ግን ይይዛል። 17 ዲግሪ የሞቀ መሬት በካሬ ሜትር 400 ዋት ያህል ጨረር ወደ ላይ ይልካል። ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ የሆነ ደመና የቱንም ያህል ቢወፍር ወደ ጠፈር የሚልከው ከ100 ዋት አያልፍም። ልዩነቱ እዚሁ ይቀራል። ደመናው ከፍ ባለና በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያስቀረው ሙቀት ይጨምራል። ሲወፍር ደግሞ የፀሐይን ብርሃን መመለስ ይጀምራል፤ ማሞቁም ይቀንሳል፣ አልፎም ይገለበጣል።

«ሰማይ በጠራ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል» የሚለው የደጋ ገበሬ እውቀት ትክክል ነው። ሌሊቱን መሬት ላይ በደንብ የሚያሞቀው ግን ዝቅ ያለው ደመና ነው፤ የሲረስ ሥራ ይበልጥ የሚታየው በመላው ምድር የሙቀት ሒሳብ ላይ ነው።

ምድር ስትሞቅስ? የአየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ፓነል በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከፍተኛ ደመናዎች ይበልጥ ከፍ እንደሚሉና ይህም ሙቀቱን እንደሚያባብስ በእርግጠኝነት አስቀምጧል። የነጎድጓድ ደመና አናት ስፋት ይቀንስ እንደሆነ ግን ገና አከራካሪ ነው።

«ሲረስን ለማየት የዝናብ ራዳርና የሳተላይት ፎቶ ካሉ ይበቃል»

የዝናብ ራዳር የተሠራው ለዝናብ ነው፤ ደቃቅ የበረዶ ቅንጣት ያመልጠዋል። በተራ የሳተላይት ፎቶም ቢሆን ሳሳ ባለው ሲረስ ውስጥ የአባይ ሸለቆ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሳይንቲስቶች ለዚህ ዘዴ አላቸው፦ ሞዲስ የተባለው የሳተላይት መሣሪያ በ1.38 ማይክሮሜትር ሞገድ ያያል። በዚህ ሞገድ ታች ያለው እርጥበት ብርሃኑን ስለሚውጠው መሬቱ ይጨልማል፤ ከእርጥበቱ በላይ ያለው ሲረስ ብቻ ያበራል። አየሩ በጣም ሲደርቅ ግን ረጃጅም ተራሮች ብቅ ብለው ሊያሳስቱ ይችላሉ።

ከ2006 እስከ 2023 የሠራው የካሊፕሶ ሳተላይት ሌዘር ወደ ታች እየላከ የሚመለሰውን ብርሃን ይለካ ነበር። ድቡልቡል ጠብታ የብርሃኑን የመወዛወዝ አቅጣጫ እንዳለ ሲመልስ በረዶ ያዛባዋል፤ ውኃና በረዶ የሚለዩት በዚህ ነው። ጉድለቱ፣ ሌዘር የሚያየው ከሥሩ ያለችውን ቀጭን መስመር ብቻ ነው። በ2024 የተመነጠቀው ኧርዝኬር ሌዘርንና የደመና ራዳርን በአንድ ላይ ይዟል።

በአውሮፕላን ደመናው ውስጥ ገብቶ መለካትም አለ፤ የጀርመኑ የምርምር አውሮፕላን ሃሎ በ2014 አድርጎታል። በዚህ ዘዴ ግን ቀድሞ አስገራሚ ችግር ነበር፦ ቅንጣቶቹ ከመሣሪያው አፍ ጋር ሲጋጩ እየተሰባበሩ አንዱ ብዙ ሆኖ ይቆጠር ነበር። በዚህ ምክንያት የድሮ መለኪያዎች ደቃቅ ቅንጣትን አብዝተው መዝግበዋል፤ የመሣሪያው ጫፍ እንደገና ተሠርቷል።

«አውሮፕላን የሚተወው ነጭ መስመር የሚረጭ ኬሚካል ነው»

አይደለም። ከሞተሩ የሚወጣው እንፋሎት በቅዝቃዜው ወደ በረዶ ሲለወጥ የሚታይ ነው። ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ሰፍቶ ሲረስ ከሆነ ምድርን ያሞቃል። በ2021 የወጣ ሰፊ ግምገማ፣ ስሌቱ ሰፊ የስሕተት ክልል ቢኖረውም፣ ይህ ሙቀት አውሮፕላኖች እስካሁን ከለቀቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት እንደሚበልጥ ገምቷል። መስመሩ ወዲያው ከጠፋ የላይኛው አየር ደረቅ ነው፤ ለሰዓታት ቆይቶ ከሰፋ ደግሞ በረዶውን የሚያቆይ እርጥበት እዚያ አለ ማለት ነው።