ስለ ባክሊንክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«5,000 ባክሊንክ በሦስት ቀን» የሚለው ማስታወቂያ ዛሬም ገዢ ማግኘቱ ያሳዝናል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚያውቅ፣ ድረ-ገጹንም በወጉ ያሠራ ሰው ነው። ባክሊንክ፣ ማለትም ከሌላ ድረ-ገጽ የሚመጣ ሊንክ፣ ጉግል ላይ ከፍ እንደሚያደርግ ሰምቷል፤ የሰማውም እውነት ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ሊንኩ ይብዛ እንጂ ከየትም ይምጣ»

መቼም እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ባቀረቡት ፔጅራንክ በተባለው የገጽ መመዘኛ ስሌት እንኳ ሊንኮች እኩል አይቆጠሩም ነበር። ሊንኩን የሰጠው ገጽ ራሱ ከሌሎች ያገኘው ክብደት ይታያል፤ ያም ክብደት ገጹ ላይ ላሉት ሊንኮች ሁሉ ይከፋፈላል። 400 ሊንክ የተደረደረበት «ማውጫ» ለእያንዳንዱ የሚያደርሰው እዚህ ግባ የማይባል ነው።

«ገዝቼ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ከሁሉም የሚያሰለቸው ይሄኛው ነው። የአሜሪካው መደብር ጄሲ ፔኒ «ቀሚስ»፣ «የአልጋ ልብስ»፣ «ምንጣፍ» ተብሎ ሲፈለግ ለወራት አንደኛ ይወጣ ነበር። በ2011 መጀመሪያ ኒው ዮርክ ታይምስ ባለሙያ ይዞ ሲያጣራ፣ ከልብስም ከቤት ዕቃም ጋር የማይገናኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ወደ መደብሩ ሊንክ ሰጥተው ተገኙ። ጉግል እርምጃ በወሰደበት ምሽት መደብሩ ለሳምሶናይት የእጅ ሻንጣ ፍለጋ ከነበረበት 1ኛ ቦታ በሁለት ሰዓት ውስጥ 71ኛ ላይ ወረደ። መደብሩ ስለ ሊንኮቹ አላውቅም አለ፣ ያሠራውንም ድርጅት አሰናበተ። ሊንኩን ማንም ይግዛው፣ የሚቀጣው ባለድረ-ገጹ ነው።

ያኔ ነገሩን ያወጣው የሰው ዓይን ነበር። በ2012 ጉግል እንዲህ ያሉ ሊንኮችን በራሱ የሚለይ ፔንግዊን የተባለ ሥርዓት አወጣ፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ያለማቋረጥ ይሠራል። አሁን በአብዛኛው ሊንኩን ዋጋ ያሳጣዋል እንጂ ድረ-ገጹን አይጥልም፤ ገዢው ብሩን ብቻ ያጣል። የጉግል ሠራተኛ አይቶ ከቀጣ ግን ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለባለድረ-ገጾች የሚሰጠው መከታተያ) ውስጥ «ማንዋል አክሽንስ» የሚለው ክፍል ላይ መልእክት ይደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ ሊንኮቹን ማስነሳት፣ ያደረጋችሁትን በዝርዝር መጻፍና እንደገና እንዲታይላችሁ ማመልከት የግድ ነው።

የተገዛ ሊንክ በምን ይታወቃል? በዋናነት በአንከር ቴክስቱ፣ ማለትም ሊንኩ በተሰጠበት ቃል። ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት እንውሰድ። ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ሊንክ ሲሰጡት አንዱ የድርጅቱን ስም ይጽፋል፣ ሌላው አድራሻውን እንዳለ ይለጥፋል፣ ሌላው «እዚህ ይመልከቱ» ይላል። ሻጭ ሲሠራው ግን ከ100 ሊንክ 80ው «ምርጥ የኢትዮጵያ ቡና» ይሆናል። ሁሉም በአንድ ሳምንት የወጣ፣ ገጹ ግርጌ ላይ የተለጠፈ፣ ከጎኑም የቁማርና የብድር ሊንክ ያለበት። ተነጋግረው ካልሆነ በቀር 80 ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል አይጽፉም።

ከፍሎ ማስታወቂያ ማሠራት ግን ነውር የለበትም። ሊንኩ ኮዱ ላይ «ስፖንሰርድ» (የተከፈለበት) ወይም «ኖፎሎው» (ጉግል እንዳይቆጥረው) የሚል ምልክት ይኑረው፤ ይህንንም ከአሳታሚው ጋር ስትዋዋሉ በጽሑፍ አስገቡት። ጉግል በ2012 የራሱን የክሮም ገጽ ሳይቀር ቢያንስ ለ60 ቀን ዝቅ አድርጎታል፤ ምክንያቱ በተከፈለበት የብሎግ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ምልክት የገባ ሊንክ ነበር።

«ኖፎሎው ዋጋ የለውም»፣ «ዲኤ ከፍ ካለ ጉግል ያከብረኛል»

ከ2019 ጀምሮ ጉግል ኖፎሎውን እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ትእዛዝ አያየውም፤ አንባቢ የሚያመጣ ሊንክ ደግሞ ምልክቱ ምንም ይሁን ይጠቅማል። ዲኤ (ዶሜን ኦቶሪቲ)፣ ማለትም ለድረ-ገጽ ጥንካሬ የሚሰጥ ነጥብ፣ ሞዝ የተባለው ኩባንያ የሚያወጣው የራሱ ግምት ነው፤ ጉግል አይጠቀምበትም።

«አጠራጣሪ ሊንክ ሁሉ በዲስአቮው ይጠረግ»

በፍጹም። ማንኛውም ድረ-ገጽ ቆሻሻ ሊንክ ይመጣበታል፤ ጉግልም አብዛኛውን ከቁጥር አያስገባውም። ዲስአቮው፣ ማለትም «እነዚህን ሊንኮች አትቁጠርብኝ» ብሎ ለጉግል ዝርዝር የሚጫንበት መሣሪያ፣ ማንዋል አክሽን ለደረሰበት፣ ወይም ራሱ ገዝቶ ማስነሳት ላቃተው ሰው ነው። በጅምላ ከተጠቀማችሁበት ጥሩውንም አብራችሁ ትቆርጣላችሁ። አዲስ ፋይል ስትጭኑም የድሮውን ሙሉ በሙሉ ይተካዋል፤ የቀድሞውን ዝርዝር ካላካተታችሁበት ጠፋ ማለት ነው።

«ሁልጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ሊንክ ነው»

በመጀመሪያ ያላችሁን አትጣሉ። ድረ-ገጽ ሲታደስ የገጾቹ አድራሻ ይቀየራል፣ የድሮው ሊንክም 404 («ገጹ አልተገኘም») ላይ ይወድቃል። ሰርች ኮንሶል ውስጥ «ሊንክስ» የሚለውን ክፍል ክፈቱ፤ ከውጭ ሊንክ ያላቸውን ገጾች ዝርዝር አውርዳችሁ አንድ በአንድ ሞክሩ። የማይከፈተውን በ301 (ቋሚ ምሪት) ተመሳሳይ ይዘት ወዳለው ገጽ ምሩት። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጹ መላክ አይሠራም፤ ጉግል እንደ ጠፋ ገጽ ይቆጥረዋል። ምሪቱን ቢያንስ አንድ ዓመት አታንሱት።

በአማርኛ የምትጽፉ ደግሞ አድራሻውን ልብ በሉ። በአድራሻ ውስጥ ያለ አንድ የግዕዝ ፊደል ሲቀዳ ወደ 9 ምልክት ይለወጣል። ዎርድፕሬስ የተባለው የድረ-ገጽ መሥሪያ 200 ምልክት ላይ ስለሚቆርጠው ከ22 ፊደል በላይ አይገባም፤ ረጅም ርእስ መሃል ላይ ይቀራል። ሰው ቀድቶ ኢሜይል ወይም ሌላ ገጽ ላይ ሲለጥፈውም ተቆርጦ የማይከፈት ሊንክ ይሆናል። ጽሑፉን ከማውጣታችሁ በፊት የፐርማሊንኩ (የገጹ አድራሻ) ቦታ ላይ ሦስት አራት ቃል ያለው አጭር አድራሻ በላቲን ፊደል አስገቡ፤ ርእሱ ግን በአማርኛ ይቆይ።