ሐናንያ ሆይ፣ ስለ ምን በልብህ አሰብህ?

ሰሞኑን ሐምሌ 5 የቅዱስ ጴጥሮስንና የቅዱስ ጳውሎስን በዓል አከበርን፤ ጾመ ሐዋርያትም ተፈታ። በጾሙ ሰሞን ግን አንድ ነገር ልቤን አሳዝኖታል። ብዙዎቻችን ሳንጾም “እየጾምኩ ነው” እንላለን። የታመመ ወይም አቅም ያነሰው ሰው እውነቱን ቢናገር ንስሐ አባቱ ያቀሉለት ነበር። ታዲያ ለምን ይዋሻል?

በሐዋርያት ሥራ የተጻፈላቸውን ባልና ሚስት፣ ሐናንያንና ሰጲራን አስቧቸው። መሬት ሸጡ፣ ከሽያጩ አስቀሩ፣ የቀረውን ሙሉው ነው ብለው በሐዋርያት እግር አጠገብ አኖሩ። ብዙ ሰው ጥፋታቸው ገንዘብ ማስቀረታቸው ይመስለዋል። ቅዱስ ጴጥሮስ ግን “ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን? ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን?” ነው ያለው። ሁሉን አምጡ ብሎ ያስገደዳቸው የለም። “የቻልነው ይህን ነው” ቢሉ ምን ይጎድልባቸው ነበር?

ልብ በሉ፤ ከእነርሱ ታሪክ በፊት የተጻፈው የበርናባስ ነው። ያ የቆጵሮስ ሌዋዊ እርሻውን ሸጦ ገንዘቡን አመጣ። ሐናንያ የበርናባስን ስም የፈለገ ይመስለኛል፤ የበርናባስን ልብ ግን አልፈለገም። የሚያስፈራኝም ይሄ ነው። ውሸቱ የመጣው ቅዱስ መስሎ ለመታየት ካለ ምኞት ነው። እኛስ? ያላየነውን ራእይ እናወራለን። ያልደገምነውን ዳዊት ደገምን እንላለን። ንስሐ አባታችን ፊት ተንበርክከን እንኳ ትንሿን ኃጢአት ተናግረን ትልቋን እናስቀራለን። ወገኖቼ፣ ማንን ነው የምናታልለው? “እግዚአብሔርን እንጂ ሰውን አልዋሸህም” ተብሎ ተጽፏል እኮ!

ከፍርሃት የሚመጣ ውሸትም አለ። አዳም “ፈራሁ፥ ተሸሸግሁም” አለ። ሰው ከወደቀ ጀምሮ እንደዚያው ነው፤ “ማንነቴ ከታየ ሰው ይጠላኛል” ብሎ ይሰጋል። ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ እውነቱን ሲናገር ከተገረፈ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይዋሻል። ወንድማችን ውድቀቱን ሲነግረን ምስጢሩን ቡና ላይ ካወጣነው፣ ሁለተኛ ለማንም አይናገርም። ውሸታም የምናደርገው እኛው ነን፤ ከዚያ ደግሞ እኛው እንፈርድበታለን። ይህን የምናደርግ እህቶችና ወንድሞች፣ እባካችሁ እንተው።

ጴጥሮስ ራሱ ከፍርሃት ዋሽቶ ያውቃል። በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ፣ አንዲት ገረድ ብትጠይቀው ካደ። ሌላም ጊዜ “ሰውየውን አላውቀውም” ብሎ ማለ። ጌታ ግን ዘወር ብሎ ተመለከተው፤ ጴጥሮስም ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ “ትወደኛለህን?” ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። በሦስተኛው የመለሰውን እጅግ እወደዋለሁ፤ “ጌታ ሆይ፥ አንተ ሁሉን ታውቃለህ” አለ። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ፊት ምን ይሸሸጋል? ጌታ ክህደቱን እያወቀ “በጎቼን አሰማራ” አለው። እየዋሻችሁ የደከማችሁ፣ አታፍሩ። ድካማችሁን የሚያውቀው ጌታ አልጠላችሁም።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ከዚያ በፊት ንስሐ አባታችሁ ጋ ሂዱ፤ ሩቅ ከሆኑ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ባለፈው ያስቀራችሁትን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መጾም ካልቻላችሁም “አባ፣ አልቻልኩም” በሏቸው።