የርክክብ ማስረጃ ምንድን ነው? «እቃው አልደረሰኝም» ሲባል ምን ይዘን እንቀርባለን?

ቴሌግራም ላይም ሆነ ፌስቡክ ላይ እቃ የምትሸጡ ሁሉ አንድ ቀን ይቺ ሜሴጅ መምጣቷ አይቀርም፤ «ኧረ እስካሁን አልደረሰኝም»። ብሩ በቴሌብር ገብቷል፣ እቃው ከተላከ አራት ቀን ሆኖታል፣ ሻጭ «እኔኮ ልኬያለሁ» ይላል፣ ገዢ «እኔ ደሞ አልተቀበልኩም» ትላለች፣ ከዛ ስክሪንሾት መለዋወጥ ይጀመራል። ሻጭ የሚልከው ብዙ ጊዜ የታሸገውን ካርቶን ፎቶ ነው። ያ ፎቶ እቃው መታሸጉን ያሳያል፣ ከዛ አያልፍም። ገዢም የምትልከው የከፈለችበትን ደረሰኝ ነው፣ እሱም መክፈሏን ብቻ ነው የሚያሳየው። በነዚህ በሁለቱ መሀል የጎደለው ነገር፣ ማለትም እቃውን ማን ከማን እጅ፣ መቼ፣ የት ተቀበለው የሚለው ነገር፣ የርክክብ ማስረጃ የሚባለው እሱ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል ግን «ተልኳል» እና «ደርሷል» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንደ አንድ የምንቆጥር ብዙ ነን፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ። በኛ አካባቢ ደሞ ይሄ ልዩነት በጣም ይሰፋል ምክንያቱም እቃ በቤት ቁጥር አይላክም። ከባህር ዳር ለዳንግላ፣ ለቡሬ፣ ለፍኖተ ሰላም፣ ለደብረ ማርቆስ፣ ለቢቸና ስትልኩ መናኸሪያ ትሄዳላችሁ፣ የሚወጣ ሚኒባስ ትፈልጋላችሁ፣ የገዢዋን ስም እና ስልክ በማርከር ትጽፉና ለረዳቱ ወይ ለሹፌሩ «አደራ» ብላችሁ ትሰጣላችሁ። አደራ ትልቅ ቃል ነው፣ አደራ በላ መባልን የሚፈራ ሰው አሁንም ብዙ ነው፣ ግን አደራ የተቀበለው ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ በኋላ ማንን ትጠይቃላችሁ?

እኔ ጋቢና ነጠላ ነው የምሸጠው። አንድ ጊዜ ሞጣ ላለች ደንበኛ ጋቢ ላኩ፣ ለእናቷ ነበር የገዛችው፣ ጥለቱ አረንጓዴ ሆኖ ዳር ዳሩን ቀጭን ቢጫ የሄደበት፣ ሸማኔው ሲያስረክበኝ እኔ ራሴ ላስቀረው ያሰብኩት አይነት። አጣጥፌ በፌስታል ጠቀለልኩት፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት፣ በሲባጎ አሰርኩት፣ ስልኳን በሰማያዊ ማርከር ጻፍኩበትና ለረዳቱ ሰጠሁት። «አደራ» አልኩት፣ «ችግር የለም እህቴ» አለኝ። ታርጋውን አላየሁም፣ የረዳቱን ስልክ አልያዝኩም፣ ለሷም የደወልኩት መኪናው ከወጣ በኋላ ነው፣ ስልኳ ዝግ ነበር፣ ስትከፍት ታየዋለች ብዬ በቴክስት «ልኬልሻለሁ» አልኳት።

በሶስተኛው ቀን ደውላ «እታለም፣ እቃው የታለ?» አለችኝ። ልኬያለሁ አልኳት። መናኸሪያ ሄዳ ጠየቀች፣ አይቻለሁ የሚል ሰው የለም። በአራተኛው ቀን ንግግራችን ተበላሸ፣ እኔ «ሰው ሁሉ ሲደርሰው ላንቺ ብቻ ነው እንዴ የማይደርሰው?» ብዬ ጻፍኩላት፣ እሷም «ብሬን መልሺልኝ» አለችኝ። እቃው በስድስተኛው ቀን ተገኘ። ረዳቱ ሲደውል ስልኳ አልሰራለትም፣ መኪናው ተመልሶ የሚወጣበት ሰአት ስለደረሰ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለ ሱቅ «የእቃዋ ባለቤት ስትመጣ ስጥልኝ» ብሎ አስቀምጦት ሄዷል፣ ባለሱቁ ደሞ በማግስቱ ገጠር ለቅሶ ወርዶ ሱቁ ተዘግቷል። እኔ ልኬያለሁ ስል እውነቴን ነው፣ እሷ አልደረሰኝም ስትል እውነቷን ነው፣ ረዳቱም አድርሻለሁ ቢል አልዋሸም። ጋቢውን ወሰደች፣ እናቷ ለበሱት፣ ግን ከዛ በኋላ ከኔ ገዝታ አታውቅም፣ ያቺ የጻፍኩላት ሜሴጅ እስካሁን ታሳዝነኛለች።

ለዛ ነው «አልደረሰኝም» ሲባል መጀመሪያ ሌባ መፈለግ የለብንም የምለው። አልደረሰኝም የሚለው ቃል ውስጥ ቢያንስ አራት የተለያየ ነገር ሊኖር ይችላል፤ እቃው ገና ከሻጩ ቤት አልወጣ ይሆናል፣ ወይ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሞ ይሆናል (አዲስ አበባ የተገዛ እቃ ከሆነ አባይ በረሃን ተሻግሮ ደጀን እስኪገባ ድረስ ስንት ነገር እንደሚያቆመው ታውቁታላችሁ)፣ ወይ ደርሶ ግን ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ይሆናል፣ ወይ ደሞ ገዢው ተቀብሎ ክዶ ይሆናል። እኔ እስካሁን ካየሁት ሶስተኛው ነው የሚበዛው፣ ወንድም ተቀብሎ ቤት ረስቶት፣ ጎረቤት ተቀብላ ሳትናገር፣ ተመሳሳይ ስም ያላት ሌላ ሴት «የኔ ነው» ብላ ወስዳው። የመጨረሻው፣ ክህደቱ፣ አለ፣ ግን እኛ ሻጮች ጸባችንን የምንጀምረው ሁልጊዜ ከሱ ነው። የርክክብ ማስረጃ ጥቅሙ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ሳይጨቃጨቁ መለየት መቻሉ ነው።

ውጭ ሀገር ይሄ ነገር በደምብ ተጽፎ ያለቀ ነው። ዘመዶቻቸው ውጭ ሆነው በነሱ አካውንት ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፣ ለነሱ ይሄን ማወቅ ግዴታ ነው። ኢቤይ ላይ እቃው ይደርሳል የተባለበት የመጨረሻ ቀን ካለፈ በኋላ ገዢው እስከ 30 ቀን ድረስ «አልደረሰኝም» ብሎ ኬዝ መክፈት ይችላል፣ ሻጭ መልስ ለመስጠት ያለው 3 የስራ ቀን ነው፣ ካልተስማሙ ገዢው ኢቤይን ግባልኝ ይለዋል። ያኔ የሻጩ ጥሩ ሰውነት አይጠየቅም፣ የሚታየው የትራኪንግ ቁጥሩ (እቃው የት እንደደረሰ የሚታይበት ቁጥር) «ደርሷል» ይላል ወይ፣ የደረሰውስ ገዢው በሰጠው አድራሻ ነው ወይ የሚለው ነው። ዋጋው 750 ዶላርና ከዛ በላይ ከሆነ ደርሷል ማለቱም ብቻውን አይበቃም፣ የተቀባይ ፊርማ ይፈልጋሉ። በኢንተርኔት ብር የሚከፈልበት ፔይፓል ደሞ ገዢው ከከፈለበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ድረስ ቅሬታ እንዲከፍት ይፈቅዳል፣ ስድስት ወር ማለት ነው፣ ስለዚ ሻጭ ሰነዱን በሁለተኛው ወር ቢያጠፋው በአምስተኛው ወር ባዶ እጁን ይቀርባል። ቅሬታው ከተከፈተ በኋላ ገዢና ሻጭ ለመነጋገር 20 ቀን አላቸው፣ በዛ ውስጥ ገዢው ፔይፓል ራሱ ይወስን ብሎ ካላሳደገው ቅሬታው ራሱ ይዘጋል።

እዚህ ደሞ በቴሌግራምና በፌስቡክ ስንሻሻጥ መሀል ላይ የሚቆም አካል የለም። በቴሌብር ወይ በባንክ ወደ ሻጭ የተላከ ብር ሻጭ ጋ ገብቷል፣ እቃው ደርሷል እስኪባል ድረስ ይዞ የሚጠብቅ ሶስተኛ ወገን የለም። ስለዚ ጭቅጭቁ ሲመጣ ሁለት ሰው፣ ሲብስ ሁለት ሰው እና ሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎች ፊት የቀረበ ሰው ያውቀዋል፣ የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፤ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ ማን አየ። እና ታርጋና ስልክ የያዘ ሻጭ እዛ ጋ ያለ ብዙ ንግግር ይሰማል።

ህጉም ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ህግ ሽያጭን ሲተረጉም የሻጭን ግዴታ እቃውን ማስረከብ ነው የሚለው፣ መላክ አይደለም። በዛ ላይ አንቀጽ 2001 ላይ፣ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል፣ ግዴታው ቀርቷል የሚል ሰው ደሞ የቀረበትን ምክንያት ያስረዳል ይላል። ወደ እኛ ስናመጣው፣ ገዢዋ መግዛቷንና መክፈሏን ታሳያለች፣ አስረክቤ ጨርሻለሁ የሚለው ሻጭ ማስረከቡን ማሳየት አለበት። ብዙ ሻጭ ይሄን ይገለብጠዋል፣ «አልደረሰኝም ካልሽ አንቺ አስረጂ» ይላል፣ ያልደረሰ ነገር አለመድረሱ እንዴት ተብሎ ይረጋገጣል? ሌላው ቀብድ ነው። ግማሹን ቀድማችሁ ላኩ የምንል ሰዎች፣ ብሩን ቀብድ ብለን ከተቀበልንና ውሉን ያልፈጸምነው እኛ ከሆንን የዛው ህግ አንቀጽ 1885 እጥፉን ትመልሳላችሁ ነው የሚለው፣ ገዢው ከቀረ ደሞ ቀብዱ ይቀርበታል። እና «ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ነገር ማስረጃ አይሆንም» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ አያጣም፣ ስለዚ ቻቱን አታጥፉት፣ ስልክ ስትቀይሩም እንዳይጠፋባችሁ።

ማስረጃው የሚሰራው በላካችሁበት ቀን ነው፣ ጸቡ ከመጣ በኋላ የሚሰራ ማስረጃ የለም። እኔ አሁን ሳልደውል አልክም፣ ገዢዋ ስልኳን አንስታ «ዛሬ እጠብቃለሁ» ካላለችኝ እቃውን ይዤ እመለሳለሁ። ሌላ ሰው የሚቀበልላት ከሆነ የዛን ሰው ስምና ስልክ በራሷ እጅ ጽፋ እንድትልክልኝ አደርጋለሁ፣ በቃል የተነገረ «ወንድሜ ይመጣል» አልቀበልም። እቃውን ሳይታሸግ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ታሽጎ ስሙና ስልኩ እየታየ አነሳዋለሁ፣ ከዛ የመኪናውን ታርጋ ከእቃው ጋር አንድ ላይ፣ ሰአቱን እና የረዳቱን ስልክ ጨምሬ ወዲያው ለገዢዋ እልክላታለሁ። የረዳቱን ስልክ ሲሰጠኝ እዛው ቆሜ እደውልበታለሁ፣ በጥርጣሬ አይደለም፣ አንድ ዲጂት ተሳስቶ ሲጻፍ አይቻለሁ። የማጓጓዣውን የምትከፍለው ገዢዋ ከሆነች ስንት እንደሆነም እነግራታለሁ፣ ብዙ እቃ «አልቀበልም» ተብሎ የሚቀረው እዛ ጋ ባልተጠበቀ ሀምሳ ብር ነው።

ውድ እቃ ከሆነ ወይ ራቅ ያለ ቦታ ከሆነ ፖስታ ቤት አለ፣ ኢኤምኤስ የሚባለው ፈጣን መልእክት። የሚሰጣችሁ የትራኪንግ ቁጥር ሁልጊዜ ፊደሉም አሀዙም ተቆጥሮ 13 ነው፣ ሁለት የላቲን ፊደል፣ ዘጠኝ አሀዝ፣ ከዛ የተላከበት ሀገር መለያ ሁለት ፊደል፣ ከኛ ሀገር የወጣ ከሆነ «ኢ-ቲ» ብሎ ያልቃል። አንድ ፊደል እንኳን ጎድሎ ከተሰጣችሁ ቁጥሩ ትክክል አይደለም፣ እዛው መስኮቱ ጋ ሳላችሁ ቁጠሩት።

ሜሴጇ ከመጣች በኋላ ደሞ የመጀመሪያው ሰአት ነው ወሳኙ። «እያጣራሁ ነው፣ እስከ ነገ ከሰአት እነግርሻለሁ» በሉና በተባለው ሰአት ደውሉ፣ ባትጨርሱም ደውሉ። ዝም ማለት ከምንም በላይ ሰው ያስቆጣል፣ ብሎክ ማድረግ ደሞ ንጹህ የሆነውን ሻጭ ራሱ ሌባ ያስመስለዋል። ረዳቱን ጠይቁ፣ የት መናኸሪያ፣ ስንት ሰአት፣ ለወንድ ነው ለሴት የሰጠው፣ ምን ብላ ነው የተቀበለችው። ጥያቄው ዝርዝር ሲሆን ሰው ያስታውሳል፣ «አደረስክ ወይ?» ካላችሁት «አዎ» ብሎ ይዘጋዋል። እቃው በእርግጥ መንገድ ላይ ከጠፋ ኪሳራው በመጀመሪያ የሻጭ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ መኪናውን የመረጥነው እኛ ነን፣ ከረዳቱ ጋር የምንጨርሰው እኛ ነን፣ ገዢዋን «ሂጂና ሹፌሩን ጠይቂ» ብሎ መላክ ተገቢ አይደለም። ገዢዋ ራሷ «እገሌ በሚባለው መኪና ላኪልኝ» ብላ የመረጠችው ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ እሱንም ታዲያ በጽሁፍ አስቀሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከነሐሴ 2015 በኋላ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ፎቶ መላክ የለም፣ ቴሌግራም የለም፣ መንገዱም አንዳንዴ ዝግ ነው፣ እቃ ግን መሄድ ነበረበት፣ ሰው ሰርግ አለው፣ ክርስትና አለው። ያኔ የጀመርኩትን ነገር አሁንም አልተውኩትም። ለገዢዋ በስልክ አራት ቁጥር እነግራታለሁ፣ ለረዳቱ ግን አልነግረውም፣ «ቁጥር ትነግርሃለች፣ ካልነገረችህ እንዳትሰጥ፣ ስትነግርህ ደውለህ ለኔ ንገረኝ» እለዋለሁ። ቁጥሩን የሚያውቁት እኔና እሷ ብቻ ስለሆንን ረዳቱ ቁጥሩን ካወቀ እሷን አግኝቷል ማለት ነው፣ እኔም ቀኑን፣ ሰአቱን እና ታርጋውን ደብተር ላይ ከቁጥሩ አጠገብ እጽፈዋለሁ። ረዳቶቹ መጀመሪያ ላይ ሰልችቷቸው ነበር፣ አሁን እነሱ ራሳቸው ናቸው «ቁጥር አለው ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ፣ ምክንያቱም እነሱንም ከ«በላህ» ያድናቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ለዳንግላ ሁለት ነጠላ ላኩ፣ ወደ አስር ሰአት ላይ ስልኬ ጠራ፣ ከኋላው የመናኸሪያ ጩኸት ይሰማል፣ «እህቴ፣ አራት፣ አራት፣ አንድ፣ ሰባት» አለኝና ዘጋው።