በካናዳ «ነዋሪ ያልሆነ አዳኝ» ማለት ምንድን ነው? በገዛ መሬትዎ ላይ ሳሉስ?

አልበርታ በምትባለው የካናዳ ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር)፣ ካልጋሪ ከተማ የሚኖር ሰው ነው እንበል። ሦስት ሰዓት ያህል ነድቶ ተራራውን ሲሻገር ኢንቨርሚር የምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ሐይቅ አላት፣ ዙሪያዋ ጫካ ነው። ብዙ የካልጋሪ ሰው እዚያ የዕረፍት ቤት አለው። የእኛም ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጫካ ያለበት መሬት ከነቤቱ ገዛ። ካርታው በስሙ ወጣ፣ የንብረት ግብሩንም በየዓመቱ ይከፍላል።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ማለዳ ቡናውን ይዞ በረንዳ ላይ ይወጣል። ዛፎቹ ሥር አንድ ቀንዳም አጋዘን ቆሟል። ውርጭ ያደረቀውን ሣር ይነጫል፣ ቀና ይላል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ እንደገና ይነጫል። ሰውየው ጠመንጃ አለው። የጠመንጃ ፈቃዱ የታደሰ ነው። የአልበርታ የአደን ፈቃድም ኪሱ ውስጥ አለ። መሬቱ የራሱ ነው።

ግን መተኮስ አይችልም።

ምክንያቱም ኢንቨርሚር ያለችው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በምትባል ሌላ ፕሮቪንስ ውስጥ ነው። የአልበርታ ፈቃድ እዚያ አይሠራም። በዚያ ፕሮቪንስ የአደን ሕግ ይህ ሰው «ነዋሪ ያልሆነ» አዳኝ ነው።

ቃሉ ብዙ ሰው ያሳስታል። «ቤት አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ ታዲያ እንዴት ነዋሪ አይደለህም እባላለሁ?» ይላል ሰው። ነገሩ እንዲህ ነው። የአደን ሕጉ የሚያየው ዋና መኖሪያዎ የት እንደሆነ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በአደን ሕጉ ነዋሪ ለመባል ዋና መኖሪያው እዚያ መሆን አለበት። ካለፉት 12 ወራት ውስጥም ቢያንስ በ6ቱ የእያንዳንዱን ወር አብዛኛውን ቀን እዚያው በአካል ማሳለፍ አለበት።

እስቲ እንቁጠር። ሰውየው አንድም ሳያስቀር ቅዳሜና እሁድን ኢንቨርሚር ቢያሳልፍ በወር 8፣ ቢበዛ 10 ቀን ነው። የወሩ አብዛኛው ሊሆን አይችልም። ቢሆንለትም እንኳ ሥራው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና ዋና ቤቱ ያሉት ካልጋሪ ነው።

ደንቡ በየፕሮቪንሱ ይለያያል። ሳስካችዋን ዋና መኖሪያው እዚያ የሆነና ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት ለ3 ወር የኖረ ሰውን ነዋሪ ትላለች። ኦንታሪዮ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 6 ተከታታይ ወር ትጠይቃለች። አልበርታ ለዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ቀለል ትላለች፤ ዋና መኖሪያው እዚያ ከሆነ ይበቃል። በእነዚህ በአራቱም መሬት መግዛት ብቻውን ነዋሪ አያደርግም።

ነዋሪ ካልሆኑ ምን ይጎድልብዎታል? ፈቃዱ ይወደዳል፤ እሱ ግን ትንሹ ነገር ነው። ዋናው ብቻዎን መውጣት አለመቻልዎ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ነዋሪ ያልሆነ ሰው እንደ አጋዘን፣ ኤልክና ሙስ ያሉ ትልልቅ እንስሳትን ለማደን ፈቃድ ያለው አስጎብኚ አዳኝ መቅጠር አለበት። አለበለዚያ ልዩ ፈቃድ ያወጣ የፕሮቪንሱ ነዋሪ አብሮት መሄድ አለበት። አልበርታም ተመሳሳይ ነው። ከሌላ ፕሮቪንስ የመጣ ካናዳዊ ትልቅ እንስሳ ሲያድን አስጎብኚ ወይም «አስተናጋጅ» የሚሆነው የአልበርታ ነዋሪ ያስፈልገዋል። በገዛ መሬቱ ላይም ቢሆን ያው ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚናደደው። ጎረቤትዎ የፕሮቪንሱ ነዋሪ ከሆነ፣ እርስዎ ከፈቀዱለት የእርስዎ መሬት ላይ ገብቶ ያድናል። እርስዎ ግን ያለ እሱ ወይም ያለ አስጎብኚ አይችሉም። መሬቱ ላይ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ሳስካችዋን ለምሳሌ ከ2022 ጀምሮ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ተተከለም አልተተከለ አዳኝ ቀድሞ ባለመሬቱን እንዲያስፈቅድ አድርጋለች። ማን ያድን የሚለውን የሚወስነው ግን ፕሮቪንሱ ነው።

ለምን? ካናዳ ውስጥ የዱር እንስሳ የባለመሬቱ ንብረት አይደለም። መንግሥት በሕዝብ ስም የሚይዘው ሀብት ነው፤ አስተዳደሩም በዋናነት የፕሮቪንሶቹ ነው። አልበርታ፣ ሳስካችዋንና ማኒቶባ መሬታቸውንና የተፈጥሮ ሀብታቸውን ከፌደራሉ መንግሥት የተረከቡት በ1930 በተደረገ ስምምነት ነው። ለእኛ ይህን መረዳት ከባድ አይመስለኝም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬቱ ራሱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት አለው። ካናዳ ውስጥ መሬቱ በእርግጥ የእርስዎ ይሆናል። አጋዘኑ ግን አጥርዎን ዘሎ ሲገባም ሲወጣም የሕዝብ ነው። እንስሳቱ ደግሞ ውስን ናቸው። ስለዚህ ፕሮቪንሶች ቅድሚያውን እዚያው ለሚኖረው ይሰጣሉ። አንዳንዱን እንስሳ ነዋሪው ራሱ እንኳ የሚያገኘው ዓመታት ጠብቆ ዕጣ ሲወጣለት ነው። ያን ወረፋ የጠበቀ ሰው ቤት በመግዛት ብቻ ሌላ ሰው ሲቀድመው ቢያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት። እኔ ደንቡ ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ።

የመጀመሪያ ሕዝቦች፣ ማለትም የካናዳ ነባር ተወላጆች፣ የአደን መብት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በውልና በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ስለሆነ እዚህ የምንለው እነሱን አይመለከትም።

ፕሮቪንስ ሲቀየር የማይቀየርም ነገር አለ። የጠመንጃ ፈቃዱ የፌደራል ስለሆነ በሁሉም ፕሮቪንስ ይሠራል። እንደ ዳክዬና ዝይ ላሉ ተሰዳጅ ወፎች የሚወጣው ፈቃድም የፌደራል ነው፤ ብዙ ቦታ ግን የፕሮቪንሱ ይጨመርበታል። ከካልጋሪ ኢንቨርሚር የሚወስደው መንገድ በባንፍና በኩትኔ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ እንደሚያልፍም አይርሱ። እዚያ አደን ክልክል ነው። ጠመንጃው ጥይት ሳይጎርስ፣ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያልፈው።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። «አድራሻ እኮ አለኝ» ብሎ የኢንቨርሚሩን ቤት አስመዝግቦ የነዋሪ ፈቃድ ማውጣት የሚዳዳው ሰው አይጠፋም። ይህ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ነው፣ በሕግ ያስቀጣል። ዋና መኖሪያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። የጤና ካርድዎ የየት ፕሮቪንስ ነው? መንጃ ፈቃድዎስ? በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 31 ቀን የት ነዋሪ ነበርኩ ብለው ነው ግብር ያሳወቁት? እነዚህ ሁሉ አልበርታ እያሉ አጋዘኑ ጋ ሲደርሱ ብቻ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነኝ ማለት አያስኬድም።

ስለዚህ ሻጩ «ለአደን የሚመች መሬት» ብሎ ሲያስተዋውቅ ለማን እንደሚመች ይጠይቁ። ከመፈረምዎ በፊት የዚያን ፕሮቪንስ የአደን ደንብ መጽሔት ከድረ ገጹ ያውርዱና ስለ ነዋሪነት የሚለውን ክፍል ያንብቡ። መጽሔቱ በነጻ ነው፣ «ነዋሪ» ማን እንደሆነ የሚተረጉመው ክፍልም ጥቂት መስመር ነው።

የእኛ ሰው ጡረታ ወጥቶ ጠቅልሎ ኢንቨርሚር ቢገባስ? ወራቱ ሲሞሉ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነዋሪ አዳኝ ይሆናል፤ በረንዳው ላይ ቆሞ ያያትን ማለዳ በራሱ ፈቃድ ይጠብቃታል። አልበርታ ላይ ግን በተራው እንግዳ ነው። ያኔ አጋዘን ሊያድን ወደዚያ ሲመለስ አስተናጋጅ ሆኖ አብሮት የሚወጣው ካልጋሪ የቀረው ጓደኛው ነው።