የዋይፋይ መቆጣጠሪያ ሰርቨር በቨርቹዋል ማሽን ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሆቴል፣ ካፌ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ አሥር አሥራ አምስት አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) ከተሰቀለ፣ አንድ በአንድ እየገቡ ማስተካከል የማይታሰብ ነው። ሁሉንም ከአንድ ቦታ የሚያዝ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። የዩቢኪቲ ዩኒፋይ ኔትወርክ ሰርቨር ከነዚህ አንዱ ነው። በነፃ ይወርዳል። ለሱ ተብሎ የተለየ ዕቃ ከመግዛት ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር፣ በአጭሩ ቪኤም፣ ፈጥሮ እዚያ መጫን የተለመደ ነው።

መጫኑ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው በአይቲ ሰዎች መካከል ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፈው እምነት ላይ ነው። ምሳሌዎቼ ከዩኒፋይ ናቸው። ተመሳሳይ ሶፍትዌር የሆነውን የቲፒ ሊንክ ኦማዳን የምትጠቀሙም ፖርቶቹ (ዕቃዎቹ የሚገናኙባቸው የበር ቁጥሮች) ይለያዩ እንጂ ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

«ሰርቨሩ ከጠፋ ዋይፋዩም ይጠፋል»

አይጠፋም። አክሰስ ፖይንቱ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል አንዴ ከተቀበለ ራሱ ላይ ይይዘዋል። ቪኤሙን ብታጠፉት ሰዉ መጠቀሙን ይቀጥላል። የሚቆመው ቁጥጥሩ ነው። ማን እንደገባ አይመዘገብም፣ ቅንብር መቀየርም አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ይለያል። እንግዶች ኮድ አስገብተው የሚያልፉበት የመግቢያ ገጽ ከሰርቨሩ የሚመጣ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ሲጠፋ አዲስ እንግዳ አይገባም። ስለዚህ ለተራ ቢሮ ቪኤሙ ቢዘጋም ችግር የለውም። ሆቴል ከሆነ ግን 24 ሰዓት መሥራት አለበት።

«ቪኤሙ ኢንተርኔት ካገኘ ኔትወርኩ ተስተካክሏል»

ብዙ ሰው ቀኑን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው።

ቪኤም መፍጠሪያ የሆነው ቨርቹዋል ቦክስ አዲስ ቪኤም ሲፈጥር ኔትወርኩን በራሱ «ናት» ላይ፣ ማለትም ቪኤሙ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆኖ በሱ አድራሻ ወደ ውጭ በሚወጣበት ዘዴ ላይ፣ ያደርገዋል። ቪኤሙ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ጭናችሁ አይፒውን (የኔትወርክ አድራሻውን) ብታዩ 10.0.2.15 ይላል። ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሶፍትዌሩ ይወርዳል። ከቪኤሙ ውስጥ ወደ አክሰስ ፖይንቱ ፒንግ ብታደርጉ (አለህ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ) እንኳ መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ። የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የመቆጣጠሪያው ገጽ ሲከፈት ዝርዝሩ ባዶ ነው።

ምክንያቱ አቅጣጫው ነው። ሰርቨሩ አክሰስ ፖይንቱን የሚጠራ ይመስለናል። እውነታው ግን ተቃራኒ ነው፤ ደዋዩ አክሰስ ፖይንቱ ነው። በየጊዜው ወደ ሰርቨሩ አይፒ በ8080 ፖርት ሪፖርት ይልካል፣ ትዕዛዝ ካለም በዚያው መልስ ይቀበላል። «እዚህ ነኝ» ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቀው ደግሞ በዩዲፒ 10001 ነው። ናት ከውጭ የሚመጣውን ስለሚያግድ ሁለቱም ቪኤሙ ጋ አይደርሱም።

ታዲያ ብልጥ ነኝ የሚለው ሰው ምን ያደርጋል? 8080ን ከሆስቱ (ቪኤሙ ካለበት ኮምፒውተር) ወደ ቪኤሙ ፎርዋርድ ያደርጋል፣ ማለትም ያሳልፋል። ከዚያ በኤስኤስኤች (ከርቀት ትዕዛዝ በሚጻፍበት መንገድ) አክሰስ ፖይንቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሪፖርቱን የት እንደሚልክ በሚነግረው «ሴት ኢንፎርም» ትዕዛዝ የሆስቱን አይፒ ይሰጠዋል። አክሰስ ፖይንቱ ዝርዝሩ ላይ ብቅ ይላል። ደስታ! አክሰስ ፖይንቱን በሰርቨሩ ሥር የሚያስገባውን አዶፕት የሚለውን ሲጫን ግን ሰርቨሩ «ከአሁን በኋላ የምታገኘኝ በ10.0.2.15 ነው» ብሎ የራሱን አይፒ ይልክለታል። ያ አድራሻ ከሆስቱ ውጭ ላለ ዕቃ ምንም ማለት አይደለም። አክሰስ ፖይንቱ ይጠፋል። ለሰርቨሩ ሌላ የኢንፎርም አድራሻ እንዲልክ መንገር ይቻላል፤ እኔ ግን አንድ ሰርቨር ላይ ይህን ሁሉ ጥልፍልፍ አልመክርም።

አጭሩ መንገድ ናትን ትቶ «ብሪጅድ» ማድረግ ነው። የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ላይ ከሆናችሁ «ኤክስተርናል» የሚባለው ስዊች ነው። ያኔ ቪኤሙ ልክ እንደ ሌላው ኮምፒውተር ከራውተሩ የራሱን አይፒ ይወስዳል፣ ለምሳሌ 192.168.1.50። ሆስቱ ላፕቶፕ ከሆነ በኬብል አገናኙት። በዋይፋይ ካርድ ላይ ብሪጅ ማድረግ አንዳንዱ ላይ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ ያስቸግራል፤ ምን አስጨነቃችሁ።

ያንን አይፒ ደግሞ ቋሚ አድርጉት። ቪኤሙ ውስጥ ስታቲክ መስጠት ወይም ራውተሩ ላይ ማስያዝ ይቻላል። ካልሆነ አንድ ቀን ራውተሩ ሌላ አይፒ ይሰጠዋል፣ አክሰስ ፖይንቶቹ በአሮጌው አድራሻ ሲደውሉ ይውላሉ፣ ገጹ ላይም ሁሉም «ኦፍላይን» ይሆናሉ። ዋይፋዩ ግን እየሠራ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ጣሪያ ላይ ይወጣል።

«ቪኤም ስለሆነ የትኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሄዳል»

እስከ ቅርብ ጊዜ ይህ እውነት ነበር። ዩኒፋይ መረጃውን የሚያስቀምጠው ሞንጎዲቢ በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ሞንጎዲቢ ከ5.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ፣ ኤቪኤክስ የሚባል የፕሮሰሰር ችሎታ ይጠይቃል። ኮር ቱ ዱዎ ይህ የለውም። ብዙ የሴሌሮንና የፔንቲየም ቺፖችም የላቸውም። ዳታቤዙ ገና ሲነሳ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይሞታል፣ ሰርቨሩም አይከፈትም።

የሚያናድደው ፕሮሰሰሩ ችሎታው እያለው ቪኤሙ ሳያየው ሲቀር ነው። ፕሮክስሞክስ (ሌላው የቪኤም ሶፍትዌር) ላይ ቪኤም ሲፈጠር በነባሪ የሚሰጠው የፕሮሰሰር ዓይነት ኤቪኤክስን ይደብቃል። የሲፒዩ ዓይነቱን «ሆስት» ወደሚለው ቀይራችሁ ቪኤሙን አጥፍታችሁ አስነሱት። ቪኤሙ ውስጥ ሆኖ ሪስታርት ማድረግ አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት።

«ራም በጨመርን ቁጥር ይፈጥናል»

ሶፍትዌሩ የሚሠራው በጃቫ ነው። የጃቫው ድርሻ በነባሪ 1 ጊጋባይት ላይ የተገደበ ነው። ቅንብሩን ካልቀየራችሁ 16 ጊጋ ብትሰጡት ትርፉ ለሌላው ሥራ የሚሆን ራም ማባከን ነው። ለአሥራ አምስት አክሰስ ፖይንት 2 ኮርና 4 ጊጋ ራም በቂ ነው።

«ስናፕሾት አለኝ፣ ባክአፕ ምን ያደርጋል?»

ስናፕሾት ቪኤሙ በዚያች ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ ነው። የት ነው ያለው? አብዛኛውን ጊዜ ከቪኤሙ ጋር እዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ። ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስናፕሾት ጥሩ የሚሆነው ከአፕዴት በፊት ለጥንቃቄ ወስዶ፣ ሁሉም ሰላም ከሆነ በኋላ ማጥፋት ነው። ለወራት ከተተወ እያበጠ ዲስኩን ይሞላዋል።

ትክክለኛው ባክአፕ ዩኒፋይ ራሱ የሚያወጣው፣ መጨረሻው «ዶት ዩኤንኤፍ» የሆነ ፋይል ነው። በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ በራሱ እንዲወጣ አድርጉትና ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቅዱት። ሰርቨሩ ከጠፋ አዲስ ቪኤም ላይ ያንኑ ወይም ከዚያ አዲስ ቨርዥን ጭናችሁ ፋይሉን ትመልሳላችሁ። የድሮውን አይፒ ከሰጣችሁት አክሰስ ፖይንቶቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

ባክአፕ ከሌለስ? አክሰስ ፖይንቶቹ አዲሱን ሰርቨር አያውቁትም። የድሮው ሰርቨር የሰጣቸውን የኤስኤስኤች የይለፍ ቃል ካላወቃችሁ፣ መሰላል ይዛችሁ በየኮሪደሩ እየዞራችሁ የሪሴቷን ቀዳዳ በመርፌ መጫን ነው። እንግዳ የተኛበት ክፍልም አለ።

«ቪኤም ስለሆነ ቢጠለፍም አያሰጋም»

ቪኤሙ ሆስቱን በመጠኑ ይከልል ይሆናል። ኔትወርኩን ግን አይከልልም። ብሪጅድ ካደረጋችሁት በኋላ ከሌሎቹ ጋር አንድ ኔትወርክ ላይ ነው፣ የሁሉም አክሰስ ፖይንት ቁልፍም እሱ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሎግ ፎር ሼል የሚባለው የሶፍትዌር ደኅንነት ቀዳዳ ሲገለጥ የዩኒፋይ ሰርቨርም ተጋላጭ ነበር፤ በ6.5.54 ቨርዥን ተደፈነ። ያኔ 8443ን (የመቆጣጠሪያው ገጽ የሚከፈትበትን ፖርት) ለኢንተርኔት ክፍት አድርጎ የተወ ሰው ክፉኛ ተጋልጦ ነበር። ከውጭ መግባት ካስፈለገ እንደ ዋየርጋርድ ባለ ቪፒኤን ግቡ።

«መብራት ሲመጣ ሁሉም በራሱ ይነሳል»

በነባሪው አይነሳም። ሦስት ቦታ መንካት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምርጫ «ፓወር ኦን» ላይ አድርጉት። ሁለተኛ፣ ፕሮክስሞክስ ላይ ለቪኤሙ «ስታርት አት ቡት» የሚለውን ምልክት አድርጉ። ዊንዶውስ ላይ በቨርቹዋል ቦክስ ከሆነ ራሳችሁ ካላዘጋጃችሁት አንድ ሰው ገብቶ እስኪያስነሳው ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ የስሊፕ ቅንብሩን ዝጉ።

ዩፒኤስም አይቅር። ዳታቤዙ እየጻፈ እያለ መብራት ድንገት ከሄደ ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ከሆስቱ ጋር አገናኝታችሁ ባትሪው ሳያልቅ ቪኤሙን በሥርዓት እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል።

መሥራቱን ለማየት ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ አጥፉት፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሱ። ምንም ሳትነኩ ትንሽ ጠብቃችሁ ከስልካችሁ 192.168.1.50ን በ8443 ፖርት ክፈቱ። ብራውዘሩ ስለ ሰርተፊኬት ያስጠነቅቃል፤ ሰርቨሩ ለራሱ የፈረመው ስለሆነ ነው፣ እለፉት።