«ግራፊክሱ እንዴት ነው?» እና ሌሎች ስለ ጌም የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፕሌይስቴሽን፣ ጆይስቲክና ቴሌቪዥን እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጌም መጫወት የጀመርኩት ግን ከሙያው በፊት፣ በልጅነቴ፣ ጌም ቤት ደጃፍ ላይ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ወደ ሱቄ ገብቶ ስለ አንድ ጌም የሚጠይቀኝ ሰው የሚያስቀድመው ጥያቄ «ግራፊክሱ እንዴት ነው?» የሚለውን ነው። መልሱን ሳይጠብቅም ፍርዱን ይሰጣል፤ ምስሉ ከጠራ ጌሙ ግሩም ነው፣ ምስሉ ከደበዘዘ የማይረባ ነው። ይህን ፍርድ መስማት ስለሰለቸኝ ከእርሱ ልጀምር።

«ምስሉ የጠራ ጌም ጥሩ ጌም ነው»

ተጫዋችን ለዓመታት ይዘው የቆዩ ብዙ የጌም ሐሳቦች የተወለዱት ከማሽን ድክመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ከላይ እየወረዱ የሚመጡ ጠላቶች የሚተኮሱበትን ጌም «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን ሲሠራ፣ በእጁ የነበረው ማሽን ያን ሁሉ ጠላት በአንድ ጊዜ በፍጥነት ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ተጫዋቹ እየተኮሰ ሲቀንሳቸው የማሽኑ ሸክም ይቀላል፤ የቀሩትም እየፈጠኑ ይመጣሉ። ኒሺካዶ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ አላረመውም። መጨረሻ ላይ የቀረው አንድ ጠላት ከሁሉም ይበልጥ የሚያስጨንቀው ማሽኑ ደካማ ስለነበረ ነው።

በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ» ደግሞ ሙሉ ጌሙ 40 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ሰማዩ ላይ ያለው ደመናና መሬቱ ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የሚለያቸው ቀለማቸው ብቻ ነው። ማሪዮን እየተጫወትን ያደግን ሰዎች ይህን ልብ አላልንም፤ ዓይናችን ዝላዩ ላይ ነበርና። ቁልፉ ረዘም ተደርጎ ሲጫኑት ከፍ ብሎ የሚዘል፣ ሮጦ ሲቆም ጥቂት የሚንሸራተት ሰው ነው በልባችን የቀረው።

በ1989 የወጣው በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን፣ ጌምቦይ፣ ቀለምም ሆነ ከኋላ የሚያበራ መብራት አልነበረውም። ተፎካካሪው የሴጋ ጌምጊር ባለቀለምና ብሩህ ነበር፤ ነገር ግን ስድስት ባትሪ በጥቂት ሰዓታት ይጨርስ ነበር። ጌምቦይ በአራት ባትሪ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል። የደከመ ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሬዲዮ ያዳመጠ የመንዝ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ማንም አይነግረውም። ገበያውም የመረጠው ያንኑ ነው፤ ጌምቦይ ከባለቀለሙ ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ምሳሌ ግን በ1999 የወጣው «ሳይለንት ሂል» የተባለው አስፈሪ ጌም ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የአንድን ከተማ ጎዳና እስከ ሩቅ ድረስ የመሳል አቅም ስላልነበረው፣ ሠሪዎቹ ከተማውን በጉም ሸፈኑት። ፍርሃቱን የፈጠረው ይኸው ጉም ነው። በክረምት ጣርማበርን በመኪና ያቋረጠ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም፤ ከፊት ያለው መብራት አይሱዙ ይሁን ሚኒባስ ሳይለይ፣ ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ሲወርድ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም የሚለው ገደሉን ስላየ ሳይሆን ስላላየው ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር «አሮጌ ስለምትወድ ነው» የሚሉኝ አሉ። ባለፈው ዓመት ሁለት ወንድማማቾች ማሽናቸው ተበላሽቶ ዕቃው ከመርካቶ እስኪመጣ ድረስ፣ እኔ ዘንድ ያለውን ፕሌይስቴሽን ቱ ከእግር ኳስ ጌሙ «ዊኒንግ ኢለቨን» ጋር በውሰት ሰጠኋቸው። ሲወስዱት ፊታቸውን አጥቁረው ነበር። ማሽናቸው ተጠግኖ ካለቀ በኋላ ስደውልላቸው ታላቁ «ጋሼ፣ የጀመርነው ውድድር አላለቀምና አንድ ሳምንት ጨምሩልን» አለኝ።

ምስል ጨርሶ ዋጋ የለውም አላልኩም። ሊጠየቅ የሚገባው ግን የፊት ላብ ይታያል ወይ የሚለው ሳይሆን፣ ጣት ያዘዘው በስክሪኑ ላይ ምን ያህል ፈጥኖ ይታያል የሚለው ነው። በሴኮንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም፣ 30 ከሚያሳየው ይልቅ ለእጅ ይቀላል፤ ስለዚህ አዳዲስ ማሽኖች ምርጫውን ሲሰጧችሁ ለጥራት የተባለውን ትታችሁ ለፍጥነት የተባለውን ምረጡ። ቴሌቪዥኑም ምስሉን ለማሳመር ሲል ያዘገየዋል። አንድ ደንበኛዬ «ጆይስቲኩ ይዘገያል» ብሎ ሁለት ጊዜ አመላልሶኝ፣ በሦስተኛው ቤቱ ድረስ ሄጄ ሳየው ጆይስቲኩ ምንም አልሆነም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ «ጌም ሞድ» የሚለው ተዘግቶ ነበር። ከፈትኩለት፤ ችግሩ በዚያው አበቃ። ገንዘብ አውጥታችሁ አዲስ ጆይስቲክ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ።

«ተቺዎች ከፍተኛ ነጥብ ከሰጡት ያለጥርጥር ጥሩ ነው»

ነጥብ የሚሰጠው ሰው የተጫወተው በየትኛው ማሽን ነው? «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለው ጌም በታኅሣሥ ወር 2020 ሲወጣ፣ አስቀድሞ ለተቺዎች የተሰጠው የኮምፒዩተሩ ቅጂ ብቻ ነበር። የተሰጠው ነጥብ ከፍተኛ ነበር፤ በፕሌይስቴሽን 4 የገዛው ሕዝብ ያገኘው ግን የሚንቀራፈፍና በየመሐሉ የሚዘጋ ጌም ነው። የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ ሳምንት ያህል ቆይቶ ከመደብሩ አወጣው፤ የመለሰውም በሰኔ 2021 ነው። በዚያ ነጥብ ተማምኖ ገንዘቡን ያወጣው ተጫዋች ያነበበው እርሱ ስላልገዛው ጌም ነበር።

የማስታወቂያ ቪዲዮም እንደዚሁ ነው። በ2005 ኢ3 በተባለው የጌም ዐውደ ርዕይ ላይ የታየው የ«ኪልዞን 2» ጌም ቪዲዮ ብዙዎች ጨዋታው ራሱ ነው ብለው የተደነቁበት ቢሆንም፣ አስቀድሞ በኮምፒዩተር የተሠራ ፊልም ነበር።

ቁጥሩ ራሱ የሚደብቀው ነገር አለ። የጃፓኑ «ፋሚሱ» መጽሔት አራት ተቺዎችን እያንዳንዳቸው ከ10 ነጥብ እንዲሰጡ አድርጎ ከ40 ይደምራል። አራቱም 7 የሰጡት ጌምና ሁለቱ 9፣ ሁለቱ 5 የሰጡት ጌም እኩል 28 ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ማንንም የማያስከፋ፣ ሁለተኛው ግን ከወደዳችሁት በጣም የምትወዱት ጌም ነው። እኔ ከ10 ውስጥ 7 ያገኙ ጌሞችን ለዓመታት ደጋግሜ ተጫውቻለሁ። ስለዚህ ከነጥቡ በታች የተጻፈውን አንብቡ፤ ጣዕሙን የምታውቁትን አንድ ተቺ ለረጅም ጊዜ ተከታተሉ፤ በእናንተው ዓይነት ማሽን የተቀረጸ ጨዋታ ሳታዩ አትግዙ።

ባጭሩ የሚታለፉ

የእግር ኳስ ጌሙ «ፊፋ ቀረ» ለሚሉ፦ የቀረው ስሙ ነው። ኩባንያው ኢኤ ከእግር ኳስ ማኅበሩ ጋር የነበረውን የስም ስምምነት ስላላደሰ ከ2023 ጀምሮ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተባለ እንጂ ሠሪው ያው ነው።

ዲስክ እያዞሩ መጥረግ ያበላሻል፤ በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ይጠረጋል።

የካሴት ጌም ላይ እፍ ማለት አያጸዳውም፤ ከአፍ የሚወጣው እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል።

«ጌም የልጅ ነገር ነው» እና «የተጫወተ ሁሉ ሱሰኛ ነው»

እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ የማነሳው ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ፕሌይስቴሽን 3 በዘንቢል ይዘውልኝ ስለመጡ ነው። ማሽኑን የላከለት ውጭ አገር ያለ አጎቱ ነው። ይሞቅና ይጠፋል። እንድጠግነው ግን አልነበረም የመጡት፤ «ልጄ፣ አደራህን ‹ከእንግዲህ አይሠራም› ብለህ ንገርልኝ፤ ሱስ ይዞታል» አሉኝ።

«እማማ፣ መዋሸቱን አልችልም፤ ግን እስቲ ልጠይቅዎት» አልኳቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች መዝገብ የጌም ሱስን በእርግጥ መዝግቦታል። ይሁን እንጂ ሱስ የሚለው ብዙ የተጫወተን ሁሉ ሳይሆን ራሱን መቆጣጠር ያቃተውን፣ ጌሙን ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ ያስቀደመውን፣ ጉዳቱን እያየም የቀጠለውን ሰው ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል የዘለቀ መሆን አለበት። ልጁ ትምህርቱን እንዳልተወ፣ ውኃ ቅዳ ሲባል እንደሚቀዳ፣ ሲጠራ እያጉረመረመም ቢሆን ተነሥቶ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ሰዓት ወስነው ይስጡት፣ ማሽኑም እርሱ ከሚተኛበት ክፍል ይልቅ ሳሎን ይቀመጥ አልኳቸው።

ከዚያ የማሽኑን ክዳን ከፍቼ አቧራውን ሳራግፍ ውስጡ የቀረውን ዲስክ አወጣሁት። «ጂቲኤ 5» ነበር፤ ላዩ ላይ 18 የሚል ቁጥር አለው። ልጁ 10 ዓመቱ ነው። «ይኸ ቁጥር ምን ይመስልዎታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ልጁ «የሚከብድበት ደረጃ ነው» እንዳላቸው ነገሩኝ። በሱቄ ይህንኑ የሚሉኝ የተማሩ አባቶችም ብዙ ናቸው፤ ጌም የልጅ ነው ብሎ ያመነ ሰው ቁጥሩ ዕድሜ ነው ብሎ አያስብምና። ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሆንም ማለት እንደሆነ፣ ውስጡም ግድያና ስካር እንዳለበት አስረዳኋቸው። ዲስኩን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ማሽኑን እንድጠግነው ትተውልኝ፣ ዲስኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውት ሄዱ።