ጀበናው ጥቁር ነው፤ ታዲያ ለምን ጥቁር አይቀባም?

ሰሞኑን በቡድናችን ይህ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ተነሳ። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ጀበና፣ ሁለት ሲኒና አንድ ብርቱካን አስቀምጠን በዘይት ቀለም ስንስል፣ ገሚሱ ሰው ጀበናውን ከቱቦ በወጣ ጥቁር ለቀለቀው። ሸራው የተበሳ መሰለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዕቃ በስም የምናውቀው ቀለም አለው፦ ጀበና ጥቁር፣ ሲኒ ነጭ። ሌላው አሁን፣ በዚህ ብርሃን ዓይናችን የሚያየው ነው። የምንስለው ሁለተኛውን ነው።

እስቲ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ደመና በሆነ ቀን በመስኮቱ በኩል ያለው የጀበናው ሆድ ወደ ግራጫ ሰማያዊ ይሄዳል። ሲኒው ደግሞ ይብሳል። ብርሃን ያረፈበት ብርቱካን አጠገቡ ካለ፣ በዚያ በኩል ያለው ጎኑ ብርቱካንማ ይሆናል። ብርቱካኑን አንሱት፤ ቀለሙ ይጠፋል። መልሱት፤ ይመጣል። ልጆቼ ይህን እንደ አስማት ነው የሚያዩት።

እስከዚህ ያለው የብርሃን ሥራ ነው፤ ክርክር የለውም። የሚለያየው አቀባቡ ነው። ብዙዎቹ የፈረንሳይ ኢምፕረሽኒስቶች (በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብርሃንን ለውጥ ይስሉ የነበሩ ሠዓሊዎች) ጥቁር ቀለም ይሸሹ ነበር፤ በዘመናቸው የነበረው ሠዓሊ ኤድዋር ማኔ ግን እንደልቡ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ «ጥቁር ክልክል ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

እኔ ኡልትራማሪን ሰማያዊን ከበርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) ጋር አዋህዳለሁ፤ ለጥቁር የቀረበ ጨለማ ይወጣዋል። ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል፣ ቡናማው ሲበዛ ይሞቃል። የቱቦውን ጥቁር የማስቀምጠው ለጀበናው አፍ ውስጥ ብቻ ነው።